ውሃው የት ነው የሚሄደው? የሞተር ውሃ ፍሳሽን ፈልጎ የማግኛና የመጠገኛ መመሪያ

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ቪትዙን ይዞ መጣ። ከኋላው ወንበር ሥር በቧንቧ ውሃ የተሞሉ ሦስት ሃይላንዶች ተደርድረዋል። «በየሳምንቱ አንድ ሊትር ያህል እጨምርላታለሁ። ሁለት ቦታ አሳይቻት ሁለቱም የቴስታታ ጋስኬት ነው፣ ይፈታ ብለውኛል» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጋስኬቱ ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል፣ በብሎኩ፣ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጣን። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪ ሳበራበት፣ ከሞተሩ ጀርባ ወደ ውስጥ ማሞቂያው የሚገቡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ካሉበት ቦታ የአተር ፍሬ የምታህል ሮዝ ቅርፊት ተጋግራ አየሁ። ቱቦውን በሁለት ጣት ጫን ሳደርገው ከቅርፊቷ ሥር እርጥበት ብቅ አለ። ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሸታው፣ ላልቷል። የደረቀውን የቱቦ ጫፍ ቆርጠን በአዲስ ፋሸታ አሰርነው። ሥራው ግማሽ ሰዓትም አልፈጀም።

ቴስታታው ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ብዙ ሺህ ብር ያወጣ ነበር፤ መኪናዋም ከጋራዥ ስትወጣ ያው ውሃዋን ማጉደሏን ትቀጥል ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ነው። የሞተር ውሃ የሚዞረው በዝግ መስመር ውስጥ ነው፤ በጤነኛ መኪና ከወር እስከ ወር መጠኑ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ፤ በሄደበትም ቦታ ምልክት ይተዋል። ሥራችሁ ምንም ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ያንን ምልክት ማግኘት ነው።

ፍሳሹ መጀመሪያ የሚወስደው ግፊቱን ነው

ብዙ ሰው «ትንሽ ነው የሚያፈሰው፣ እየጨመርኩ እነዳለሁ» ይላል። ይህ አነጋገር በተለይ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች አደገኛ የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል ብሎ ፕሬዠር ድስት የምንጠቀመው ለዚህ ነው። አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ፣ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። ማለትም በአዲስ አበባ አየር ውሃው ክፍት ቢሆን ኖሮ ፋኑ ተነስቶ ሥራውን ሳይጀምር መፍላት ይጀምር ነበር።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ እንደ ፕሬዠር ድስት ክዳን ግፊት ይይዛል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1፣ በአንዳንዱ ላይ 88 ወይም 108 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘውን ግፊት የሚናገር ቁጥር ነው። 1.1 የሚለው ክዳን በደንብ ከያዘ አዲስ አበባም ላይ ውሃው ከ115 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ፍሳሽ ካለች ግን ውሃው ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ ግፊቱ አይያዝም፤ ግፊት ከሌለ ደግሞ በ92 መፍላት ይጀምራል። የፈላው ውሃ በሪዘርቩ፣ ትርፉን ውሃ በሚቀበለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ በኩል ይገነፍልና እውነተኛው እጥረት ከዚያ ይጀምራል። የጠብታዋ መጠን ትንሽ ሆና ጉዳቷ ትልቅ የሚሆነው እንዲህ ነው።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

የሞቀ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል፤ በዚህ የተቃጠሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የላይኛውን ትልቁን ቱቦ በእጃችሁ ጨብጡት። ሳያቃጥላችሁ መያዝ ከቻላችሁና ስትጫኑት ከለሰለሰ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ አዙሩት፤ የሚተነፍሰው ተንፍሶ ሲያልቅ ተጭናችሁ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ።

የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ይችላል። እጅጌ፣ ሻሽና የአንገት ክር ከአካባቢው ይራቅ፤ ቁልፉም ከመኪናው ይውጣ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው መርዝነቱን ነው። ኩላንት፣ ማለትም ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚሞላው ባለቀለም ፈሳሽ፣ ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል የሚባለው ነገር ጣፋጭ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ልጅም ሊጠጣው ይችላል። ጥቂቱ እንኳን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ያፈሰሳችሁትን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ግቢ ውስጥ ኩሬ ሠርቶም አይቅር። ሰው ከጠጣው ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አንደኛ፦ የሚንጠባጠበው በእርግጥ የሞተር ውሃ ነው?

ከመኪና ሥር የታየ እርጥበት ሁሉ የሞተር ውሃ አይደለም። ኤሲ ከተከፈተ ከተሳፋሪው እግር በታች ባለው በኩል ንጹሕ ውሃ ይንጠባጠባል፤ እሱ ጤነኛ ነው። ነጭ ሶፍት አስነክታችሁ እዩት። ኩላንት አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም አለው፤ በጣት ስታሹት ያንሸራትታል፤ ሽታው ጣፋጭ ነው። ቅመሱት የሚላችሁ ካለ አትስሙ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትም ቀይ ስለሆነ ከሮዙ ኩላንት ጋር ይምታታል፤ ልዩነቱ ዘይቱ ሶፍቱ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀራል፣ ውሃ ብትጨምሩበትም አይዋሃድም።

ቧንቧ ውሃ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀለምም ሽታም አታገኙም። የምትፈልጉት የዝገት ቀለም ያለው ቡናማ መስመር ነው።

ሁለተኛ፦ ሪዘርቩን ብቻ አይታችሁ አትመኑ

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሁለቱንም እዩ፤ ራዲያተሩንም ሪዘርቩንም። ራዲያተሩ እስከ አፉ መሙላት አለበት። ሪዘርቩ ላይ ደግሞ በዝቅተኛውና በሙሉው ምልክት መሃል ይሁን። ውሃው ባለበት ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። በሦስት ቀን ስንት እንደጎደለ ስታውቁ ችግሩ ምን ያህል አጣዳፊ እንደሆነም ታውቃላችሁ።

ሪዘርቩ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኛችሁት ልብ በሉ። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው አብጦ ወደ ሪዘርቩ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ መልሶ ይስበዋል። መልሶ ካልሳበ ወይ የክዳኑ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ አትከፈትም፣ ወይ ወደ ሪዘርቩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። መኪናው በቀዘቀዘ ቁጥር የላይኛው ትልቁ ቱቦ እንደተመጠጠ ሃይላንድ ወደ ውስጥ ከተሰባበረ ምክንያቱ የዚያች ቫልቭ አለመከፈት ነው። ሾፌሩ በየቀኑ ሪዘርቩን እያየ «ሙሉ ነው» ብሎ ሲነዳ ሞተሩ በባዶ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፦ ካርቶን አንጥፉ

ማታ መኪናውን ስታቆሙ ሜዳ ቦታ ላይ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ ያሉበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ጠብታው ካርቶኑ ላይ የት እንዳለ ስታዩ ፍለጋው በግማሽ ይቀንሳል። ከፊት በመስመር ከሆነ ራዲያተሩ ወይም የታችኛው ቱቦ፤ ቺንጋው (ቀበቶው) ባለበት ጎን ከሆነ የውሃ ፓምፑ፤ ወደ ኋላ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ሥር ከሆነ የማሞቂያ ቱቦዎቹ ይጠረጠራሉ። ውሃ ግን እየተንሸራተተ ስለሚወርድ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ሁልጊዜ የወጣበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ከጠብታው ተነስታችሁ ወደ ላይ ተከታተሉት፤ ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው ምንጩ።

አንዳንዱ ፍሳሽ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ብቻ ይታያል። ያረጀ ቱቦ ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና ከፋሸታው ሥር ይላቀቃል፤ ሲሞቅ ያብጥና ይዘጋል። ጋራዥ ስትወስዱት «ምንም የለውም» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ካርቶኑ ግን አይቶታል።

አራተኛ፦ የደረቀውን ፈልጉ

ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባ ደረጃ ነው። የሞቀ ሞተር ላይ የወጣች ጠብታ ወዲያው ትተንና እርጥበት አታሳይም፤ ግን ቅርፊቷን ትታ ትሄዳለች። ቅርፊቱ ከሮዝ ኩላንት ሮዝ ወይም ነጭ፣ ከአረንጓዴው ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከቧንቧ ውሃ ቡናማ ወይም ኖራ የመሰለ ነጭ ይሆናል። ሞተሩን በሳሙና አስጥባችሁ አታምጡልን የምንለው ለዚህ ነው፤ ከምርመራው በፊት የታጠበ ሞተር ማስረጃው የጠፋ ሞተር ነው።

የእጅ ባትሪና የኪስ መስታወት ያዙ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ከክዳኑ ጀምሩ። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቋል? ጠንክሯል? በአፉ ዙሪያ ቅርፊት አለ? ከዚያ የራዲያተሩን የላይና የታች ፕላስቲክ እዩ። አሁን ባሉት ብዙ ራዲያተሮች መሃሉ አልሙኒየም፣ ጫፎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በታጠፉ የብረት ጥርሶችና በጎማ ነው። ጥቁሩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከተለወጠ አርጅቷል ማለት ነው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በተለይ የላይኛው ቱቦ የሚገባበት አንገት ላይ ፈልጉ። ጥርሶቹ ሥር ቅርፊት ካለ ጎማው ደርቋል።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ፣ እኛ መካኒኮች ማኒኮቶ የምንላቸው። ዓይን ብቻ አይበቃም፤ በእጅ እጠፏቸው፣ ጫን ጫን አድርጓቸው። ጤነኛ ቱቦ ጠንከር ብሎ ይለጠጣል። ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ የሚከፍት፣ ወይም ዘይት ነክቶት እንደ ሊጥ የለሰለሰ ይቀየራል። ጫፎቹ ላይ ከፋሸታው አጠገብ ያበጠ ካለ ዕድሜው አልቋል።

የውሃ ፓምፑ አካሉ ላይ ሆን ተብሎ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ውስጡ ያለው ማኅተም ሲያልቅ ውሃው ዘንጉን ወደሚያሽከረክረው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እንዳይገባ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ ከፓምፑ ሥር የሚወርድ የሮዝ ቅርፊት መስመር ካያችሁ ፓምፑ ራሱ «አልቄያለሁ» እያላችሁ ነው፤ ቀዳዳዋን በሙጫ መድፈን ግን ኩሽኔታውን መግደል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው የሚያዞረውን የፓምፑን ጎማ፣ ፑሌጃውን፣ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ወይም ሲዞር ከጮኸ አትጠብቁ። ፓምፑ ከታይሚንግ ቺንጋ ጋር በሚዞርባቸው ሞተሮች መሸፈኛው ውስጥ ስለሚደበቅ ምልክቱ ከሽፋኑ ታች ብቻ ይታያል፤ እንዲህ ባሉት ላይ ፓምፑንና ቺንጋውን አንድ ላይ መቀየር ዋጋውም ድካሙም ይቀላል።

በመጨረሻ ከሞተሩ ጀርባ ያሉትን የማሞቂያ ቱቦዎችና በብሎኩ ጎን ላይ ያሉትን ክብ የብረት ክዳኖች እዩ። ለዓመታት ቧንቧ ውሃ በተሞላ ሞተር እነዚህ ክዳኖች ከውስጥ ዝገው ይበሳሉ።

አምስተኛ፦ ካልተገኘ በግፊት ፈትኑት

ቅርፊትም ጠብታም ካልተገኘ የግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ ሂዱ። ክዳኑ ቦታ ላይ የሚታሰር የእጅ ፓምፕ ነው፤ ሰዓቱ ላይ መርፌ አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ ጤነኛውን ራዲያተር ያፈነዳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መርፌው ካልወረደ ውጫዊ ፍሳሽ የለም ማለት ይቻላል፤ ከወረደ ጠብታው አንድ ቦታ መታየት አለበት። መርፌው እየወረደ ከውጭ ምንም ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየሄደ ነው። በዚሁ መሣሪያ ክዳኑንም አስሞክሩት፤ አብዛኛው ጋራዥ ይህን ይዘለዋል።

ስድስተኛ፦ ወደ ውስጥ የሚፈሰው

ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ፣ መስታወቱ ከውስጥ በቅባት መሰል ጉም ከተሸፈነና ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው የማሞቂያ ራዲያተር ፈስሷል። እሱን ለማውጣት በብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ መፍታት ይጠይቃል። ጊዜያዊ መፍትሔ አለ፦ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ነቅሎ በአንድ ቱቦ እርስ በርስ ማገናኘት። ማሞቂያ አይኖራችሁም፤ ሞተሩ ግን ይድናል።

አሁን ሁሉም ወደሚፈራው ወደ ቴስታታ ጋስኬት፣ ወይም የቆዩት መካኒኮች ጉርኒሲዮን ወደሚሉት እንምጣ። የሚታመኑ ምልክቶች አሉት። አድሮ የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ውሃው ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሚገፋው የቃጠሎው ጋዝ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሳያቋርጥ አረፋ ከተንቦቀቦቀም እንደዚያው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ ልጨምር፦ የሪዘርቩን ቀጭን ቱቦ ቆንጥጣችሁ ያዙና ራዲያተሩ አፍ ላይ የላስቲክ ጓንት አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ቀዝቃዛው ሞተር እንደተነሳ ጓንቱ እየተመታ ከተነፋ ጋስኬቱ ተጠርጣሪ ነው። ጋራዥ ያላቸው ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ ይጠቀማሉ፤ የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ አንዷ ብቻ በእንፋሎት እንደታጠበች ንጹሕ ከሆነች ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ያ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። በክረምት ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ጤናማ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ወተት የመሰለ ነገርም ቅርብ ለቅርብ በሚነዳ መኪና ላይ በእርጥበት ብቻ ይፈጠራል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ እዩ፤ እዚያ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ግን ሞተሩን ዳግም አታስነሱት። ኩላንቱ ራሱ ሮዝ ወተት መስሎ ከተገኘና መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ፈንድቷል፤ ያኔ ራዲያተሩን ብቻ ቀይሮ መንዳት ካምቢዮውን ያሳጣል፣ ሁለቱም መታጠብ አለባቸው።

ሰባተኛ፦ ጥገናው

ክዳን ርካሽ ነው፤ ከተጠራጠራችሁ ቀይሩት። ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። 0.9 የነበረውን በ1.1 መተካት «ይጠነክርልኛል» ማለት አይደለም፤ ያረጀውን ራዲያተርና ቱቦ ማፈንዳት ነው። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የጎማውን ስፋትና የአንገቱን ቁመትም አስተያዩ።

ቱቦ ለመቀየር መጀመሪያ ከራዲያተሩ ታች ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውሃውን በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉ። ማፍሰሻው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ በእጅ እንጂ በፒንሳ አታስጨንቁት። ፋሸታውን አላልታችሁ ወደ ኋላ ግፉት። ቱቦው ከተጣበቀ መጀመሪያ አዙሩት እንጂ በካቻቪቴ ፈልቅቃችሁ አትሳቡት፤ የራዲያተሩ የፕላስቲክ አንገት አብሮ ይሰበራል፣ የአንድ ቱቦ ሥራ የራዲያተር ግዢ ይሆናል። አልላቀቅ ካለ ቱቦውን በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ለነገሩ የሚጣል ነው። አንገቱ ላይ የቀረውን ቅርፊት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። አዲሱን በውሃ አርጥባችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ፤ ፋሸታው አንገቱ ላይ ካለው እብጠት አልፎ ይቀመጥ። በብሎን የሚጠብቅ ፋሸታ ከሆነ ጎማው ትንሽ ሲቆነጠጥ አቁሙ።

ራዲያተር ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ይበየዳል፣ ከዚያም ዓመታት ያገለግላል። የፕላስቲክ ጫፍ ስንጥቅ ግን በሙጫ ተደፍኖ ሲቆይ አላየሁም፤ ሙቀቱና ግፊቱ በየቀኑ ይከፍተዋል። ቤት ለመድረስ ይሁን፤ ክፍለ ሀገር ለመውጣት ግን አይደለም።

እንቁላል፣ ቁንዶ በርበሬ ወይም በጠርሙስ የሚሸጠውን መድፈኛ ዱቄት ስለመጨመር ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ቀዳዳና ቀጭን መስመር ለይቶ አያውቅም። የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶችና የማሞቂያውን ራዲያተር አብሮ ይዘጋል። በረሃ መሃል ሌላ አማራጭ ካጣችሁ እረዳለሁ፤ እንደደረሳችሁ ግን ሙሉ በሙሉ ይታጠብ።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም ጥገና አይደለም። «ይቀዘቅዝልሃል» ተብሎ የወጣለት ሞተር ትክክለኛ ሙቀቱን ስለማያገኝ ነዳጅ ይበላል፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ይባስ ብሎ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ዳገት ላይም ሙቀት ያነሳል።

ቴስታታ መፍታት ካስፈለገ ለሚያምኑት ባለሙያ ስጡ፤ ሁለት ነገር ግን ቆማችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ተለክቷል ወይ? በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን አይታይም። ሁለተኛ፣ ብሎኖቹ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ፣ በፋብሪካው ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ ወይ? «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ መኪናው ምንም አያሳይም። የሚፈትናችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ በቆላው ሙቀት ወደ ደጀን መውጣት ስትጀምሩ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከወትሮው ቦታ ከተነሳ ኤሲ አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሞቃት አድርጋችሁ ንፋሱን ክፈቱ፤ ጥቂት ሙቀት ከሞተሩ ይወስዳል። ካልወረደ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ማለት የአልሙኒየም ቴስታታ የሚጣመምበት ትንሽ ነው። ቢያንስ 40 ደቂቃ ጠብቁ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ብሎክ ይሰነጥቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ የያዛችሁትን ንጹሕ ውሃ ቀስ እያላችሁ ሙሉ።

ስምንተኛ፦ መሙላትና አየር ማስወጣት

«አገራችን በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርግልናል?» ይባላል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያሉ ዘመዶቻችን ብሎካቸው እንዳይፈነዳ ይፈልጉታል፤ እኛ የምንፈልገው ዝገት እንዳይበላን፣ የመፍያው ሙቀት እንዲጨምርልንና የፓምፑ ማኅተም እንዳይደርቅ ነው። ከላይ የቆጠርኳቸው የተበሱ ክዳኖችና ያለቁ ፓምፖች ግማሹ ምክንያታቸው የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ነው።

ተደባልቆ የተዘጋጀ ከገዛችሁ እንዳለ ጨምሩት። ያልተደባለቀውን ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ አቅጥኑ። ባትሪ ቤት ስትጠይቁ ግን የተጣራውን ውሃ እንጂ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አረጋግጡ፤ ሁለቱም «የባትሪ ውሃ» ይባላሉ። አረንጓዴውንና ሮዙን አትቀላቅሉ። እንደ ቪትዝ ላለ ትንሽ ሞተር ከ4 እስከ 5 ሊትር አካባቢ ይበቃል።

1. መኪናውን አፍንጫው ትንሽ ዳገት ላይ እንዲሆን አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ሞቃት ላይ አድርጉት።
2. ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቀስ ብላችሁ እስከ አፉ ሙሉ። የላይና የታች ቱቦዎችን ጫን ለቀቅ አድርጉ፤ አረፋው ይወጣል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ጨምሩ። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች የአየር ማስወጫ ብሎን አላቸው፤ ካለ ውሃ ብቻ መውጣት እስኪጀምር ይከፈት።
3. ሞተሩን አስነሱ፤ ነዳጅ ሳትረግጡ በሚኒሞ ይሥራ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ቱቦ ይሞቃል፤ ውሃው በድንገት ዝቅ ሊል ይችላል፣ ሙሉት። ከመጠን በላይ መውጣት ሲጀምር ክዳኑን ግጠሙ።
4. ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም ጠብቁ። ከማሞቂያው የሚወጣው አየር በደንብ ሞቃት መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጥ አሁንም አየር አለ። ፋኑ ጨርሶ ካልተነሳ ሞተሩን አጥፉ፤ «ፍሳሽ» የመሰላችሁ ምናልባት በፋን ምክንያት ፈልቶ የገነፈለ ውሃ ነበር።

አድሮ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩን ክፈቱና የጎደለውን ጨምሩ፤ በመጀመሪያው ጠዋት ትንሽ መጉደሉ የተደበቀ አየር ስለወጣ ነው። ሪዘርቩ ላይ አዲስ ፕላስተር ለጥፉ፣ ካርቶኑንም ለሦስት ሌሊት ዘርጉት። በሦስተኛው ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነና ውሃው ከፕላስተሩ ካልወረደ፣ ከወንበሩ ሥር ካሉት ሃይላንዶች አንዷን ለመንገድ አስቀሩና ሌሎቹን አውርዷቸው።